ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት

ከመብራት ደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ ጽፌያለሁ፤
ስሙን፣ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ማታ ማታ አሰላለሁ።
ሃያ ስምንት ሳምንቴ ነው።
ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ስድስት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ከመስኮቴ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣
ከማሳው ወዲያ ጠጠር፣ አስፋልት የሚጠብቅ።

እናቴ በስልክ ሳቀች፦
«ምጥም ትምህርት ሆነና ተመዘገብሽ በይኛ!
‹ልጅ ለናቷ› ሲባል ተረት ይመስለን ነበር እኛ።»
«አንቺስ የት ተማርሽው?» አልኳት።
ዝም አለች። ከወዲያ ዶሮ ሲጭር ይሰማኛል።
«አንቺን ስወልድ ነዋ» አለችኝ፤
ደግሞ ቶሎ ብላ የበርበሬ ዋጋ አነሳችብኝ።

ገርጂ ያለው ክሊኒክ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ስድስት ጊዜ፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር።
ሄደን አየነው፤ ምንጣፉ ንጹሕ፣ ኳሱ ሰማያዊ፣
ግድግዳው እንደ መስተዋት የሚያበር።
አስተማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ
«ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ባሕር ዳር ቁጭ ብለሻል» አለችኝ።
ባሕር አላውቅም። ጨፈንኩ፣ የአቃቂ ወንዝ መጣ፤
ሽታው ቀደመው፣ ገለጥኩ።
ታረቀኝ ግን ወደደው። ባል ይገባል፣ ወንበር አለው፣
ወገብ እንዴት እንደሚታሽ ያሳዩታል፤
ብሎኬት የላገውን መዳፉን
ሱሪው ላይ ሁለቴ ሲጠርግ አየሁት፣
ሊነካኝ ፈተና እንዳለበት።
መሄጃው ሁለት ታክሲ፣ መመለሻው፣ ከዘነበ፣ እግዜር ያውቃል፤
ገንዘቡ ደግሞ ለአልጋ የተቀመጠው ነው፤ ማን ከዚያ ይነካል?

እቴ ዘርፌ ከምድር ቤቱ፥
«ተልባሽን ጠጪ፣ ተራመጂ፣ ቀሪውን ማርያም ታውቃለች፤
እኔ ሰባት ወልጄ አምስት አሉልኝ» አለች።
ስለ ሁለቱ አልጠየቅኳትም።
ሌሊት ግን፣ ጎኔን ስቀይር፣ የቆጠርኩት እነሱን ነው።

ጤና ጣቢያው ነጻ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ሠላሳ ሴት በአንድ አግዳሚ፣ የአንዷ ክርን በአንዷ ጎን፤
ወንዶቹ ከደጅ፣ ከዘበኛው ጋር ስለ ኳስ ሲከራከሩ።
እኔም ለመታየት ብቻ ነበር የሄድኩት፣
ደረሰኙን በቦርሳዬ አጥፌ።
ሲስተር አያንቱ ሆዴን ሳትነካ፣ ካርዴ ላይ እንዳጎነበሰች፥
«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?» አለች።
«አራተኛ።»
«ስንት ደረጃ?»
አላውቅም።
«የደረጃው አምፖልስ?»
ከተቃጠለ ቆየ።
«መኪና ያለው ጎረቤት? ስልኩን ይዘሻል?»
አልያዝኩም።
«ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው እንበል፣ ዝናብ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፤
ብሎኩ ሁሉ አንድ መልክ፤
አምቡላንሱ ያንቺን በምን ይለየዋል?»
ባሕር ዳር ማንም ይህን አልጠየቀኝም።
እስክሪብቶዋን ከደነች።
«በይ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሰሻል፤
ትንፋሹን በሚቀጥለው ማክሰኞ።»
«ባለቤቴስ?»
«ወንበር የለንም። ይዞ ከመጣ ይግባ።»

ማታ ዝርዝሩን አወጣሁ፣ ምንም አልሰረዝኩም፣ ገርጂንም።
ታረቀኝ የስልኩን መብራት አብርቶ ወረደ፤
የኢሱዙ ሹፌሩን በር ሲያንኳኳ ሰማሁ፣
ሳል፣ የቁልፍ ድምፅ፣ «ለመቼ ነው?» የሚል የእንቅልፍ ድምፅ።
ተመለሰ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ፣
«ሰባ አንድ ነው» አለኝ፣ ትንፋሹ ቆራርጦ።
አላመንኩትም። ብረቱን ይዤ ወረድኩ፣ ቀስ ብዬ፣
እሱ ከፊቴ በጀርባው እየወረደ፣ ብርሃኑን ለእግሬ፤
በእኔ ሰባ ሁለት ሆነ።
ደግመን ወጣን፣ ደግመን ወረድን፣
ዘርፌ በሯን ከፍታ «ምን ሆናችሁ?» እስክትል፤ አሁንም አልገጠመም፤
አንዷን ማን እንደቆጠራት አልተስማማንም።

ነገ አምፖል እንገዛለን።